አንድ ሳህን፣ አምስት ማንኪያ፦ ባንኮክ ጎዳና ላይ ከቤተሰብ ጋር ምግብ መቅመስ

ባንኮክ የሄድነው ለእናቴ ሕክምና ነበር። ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ያችን ከተማ የሚያውቃት በዚሁ ምክንያት ነው። ምርመራው በሁለት ቀን አለቀ። ውጤቱን ለመጠበቅ ግን ሌላ ዘጠኝ ቀን ቀረን። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ የ11 ዓመቱ ልጄ፣ የ5 ዓመቷ ልጄና እኔ። አምስት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ሆቴል ውስጥ ሲበላ ኪስ ይራቆታል። ከሆቴሉ በር ትንሽ ወጣ ስንል ደግሞ ከሰል ይጨሳል፣ ምጣድ ይንጫጫል፣ የሰፈሩ ሰው በፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይበላል።

መጀመሪያ ፈርተን ነበር። በኋላ ግን መላው ገባን። የምጽፍላችሁም እሱን ነው፦ አንድ ሳህን ብቻ እዘዙ፣ ሁላችሁም ቅመሱ፣ ከተስማማችሁ ድገሙ፣ ካልተስማማችሁ እለፉ። እኛ ከአንድ ትሪ እየበላን ያደግን ሰዎች ነን። ለዚህ ዓይነት አበላል ማንም አያስተምረንም።

1. ገና ቤት ሳላችሁ ምን እንደማትበሉ ተነጋገሩ

የመጀመሪያው ጥያቄ የንጽሕና አይደለም። ታይላንድ ውስጥ የአሳማ ሥጋ በየመንገዱ አለ። ጠዋት ጠዋት በየጥጉ የሚሸጠው «ሙ ፒንግ» በስንጥር ተሰክቶ በከሰል የሚጠበስ የአሳማ ሥጋ ነው። ሽታው የጥብስ፣ መልኩም የጥብስ ነው። ልጅ «ይሄን ግዢልኝ» ሲል ቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ክርክሩ እዚያው መንገድ ላይ ይሆናል።

ሁለተኛው ሽሪምፕና ሸርጣን ነው። ብዙዎቻችን አንበላም። እዚያ ግን ደረቅ ሽሪምፕ እንደ ቅመም ይገባል፤ ሳታዩት ትበሉታላችሁ።

ሦስተኛውን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ደም ነው። አንዳንድ የኑድል ሾርባ በአሳማ ወይም በከብት ደም ይወፍራል፤ የጀልባ ኑድል የሚባለው በዚህ የታወቀ ነው። የዶሮ ሾርባ ውስጥም የረጋ ደም በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ይገባል። ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ሳታስተውሉ ካያችሁት ጉበት ይመስላችኋል።

የእኛ ቤት ስምምነት እንዲህ ነበር፦ ዶሮ፣ ዓሣና እንቁላል ይበላል። አሳማ፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ደም አይበላም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ የሚያሳስበው ቤተሰብ ዓሣ፣ እንቁላልና የጾም ምግብ ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል። ሙስሊም ቤተሰቦች የሐላል ምልክት ያለበትን የምግብ ጋሪ ይፈልጉ። ሂጃብ የለበሱ ሴቶች የሚሸጡት ምግብ በብዙ ሰፈር አለ። ሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ ያለው የዓረቦች ሰፈር ደግሞ በሐላል ምግብ ቤቶች የተሞላ ነው።

2. የማትበሉትን በታይኛ አስጽፉ

ይህን እንዳትዘሉት። ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ነው።

ሆቴል እንደገባችሁ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችውን ልጅ በትሕትና ጠይቁ። በአንድ ወረቀት ላይ በታይኛ ትጻፍላችሁ፦ አሳማ አንበላም፣ ሽሪምፕና ሸርጣን አንበላም፣ ደም አታስገቡ፣ ቃሪያ አታስገቡ። በሌላ ወረቀት የጾሙን። ከዚያ ፎቶ አንሱና በሁሉም ስልክ ላይ አስቀምጡት። ታይኛ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉሙ የሚለዋወጥ ቋንቋ ነው። እኛ «ዶሮ» ያልን መስሎን ሌላ ልንል እንችላለን። ወረቀት ግን አይሳሳትም።

ያም ሆኖ ጥቂት ቃላት ያዙ። «ሙ» አሳማ ነው። «ጋይ» ዶሮ፣ «ፕላ» ዓሣ፣ «ጉንግ» ሽሪምፕ። «ማይ ሳይ ሙ» ማለት አሳማ አታስገቢ ነው። «ማይ ፔት» የማያቃጥል። «ታውራይ» ስንት ነው። ወንድ ከሆናችሁ መጨረሻ ላይ «ክራፕ»፣ ሴት ከሆናችሁ «ካ» በሉ፤ እንደኛ አንቱታ አክብሮት ነው። ትንሿ ልጄ «ካ» ስትል ሻጮቹ ሁሉ ይስቁላት ነበር።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ልጃችሁ ለኦቾሎኒ አደገኛ አለርጂ ካለበት ጎዳና ላይ አትሞክሩ። ፓድ ታይ የሚባለው የተጠበሰ ኑድል ላይ ይበተናል፣ የፓፓያ ሰላጣ ውስጥ ይገባል፣ የሥጋ ማጥቀሻ ውስጥም ይፈጫል። ሻጩ ባያስገባው እንኳ ምጣዱና ማንኪያው ያው ነው።

3. አንድ ትንሽ ቦርሳ አዘጋጁ

ኦአርኤስ (እኛ ለምለም የምንለው)፣ የሙቀት መለኪያ፣ ሳሙና፣ ሳኒታይዘር፣ ሶፍት፣ ትርፍ የልጅ ልብስ። ስለ ሄፓታይተስ ኤና ስለ ታይፎይድ ክትባት ከጉዞው ሳምንታት በፊት ሐኪም አማክሩ። ሳኒታይዘር ሳሙናን አይተካም። ውሃ ባገኛችሁበት ሁሉ የልጆቹን እጅ እጠቡ።

ገንዘብ በጥሬው ይሁን፤ ባለ 20፣ ባለ 50ና ባለ 100 ባት (የታይላንድ ገንዘብ)። የአገሬው ሰው በስልክ ኮዱን እያነሳ ይከፍላል። ባለ 1000 ባት ይዛችሁ የ60 ባት ሾርባ ስትገዙ ግን ሻጯን ታስቸግራላችሁ። አብዛኛው የጎዳና ሳህን ከ50 እስከ 80 ባት ነው።

4. የመጀመሪያውን ቀን ጎዳና ላይ አትብሉ

ከአዲስ አበባ ባንኮክ የአራት ሰዓት ልዩነት አለ። ልጆች እንቅልፍ አጥተዋል፣ ሙቀቱ ከብዷቸዋል። በዚያ ላይ አዲስ ምግብ አይጨመርም። የመጀመሪያውን ቀን የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ የምግብ አዳራሽ ብሉ። አሶክ በሚባለው ሰፈር ያለው ተርሚናል 21 የገበያ ማዕከል አምስተኛ ፎቅ ላይ እንዲህ ያለ አዳራሽ አለው፤ ዋጋው ከጎዳናው ብዙም አይርቅም። ካርድ ላይ ገንዘብ ታስሞላላችሁ፣ ከየመስኮቱ ታዝዛላችሁ፣ የተረፈውን ይመልሱላችኋል። የምግቦቹን መልክና ስም እዚያ ተማሩ። አፋችሁም ይልመድ።

5. ጋሪውን አምስት ደቂቃ ቆማችሁ እዩት

አትቸኩሉ። ራቅ ብላችሁ ቁሙና እዩ።

ሰው ይሰለፋል? የሚሰለፈው የሰፈሩ ሰው፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ከሆነ ጥሩ ነው። ምግቡ ቶሎ ያልቃል፤ ቶሎ የሚያልቅ ምግብ አያድርም። ሻጯ አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ነው የምትሠራው? እኔ ሃያ ዓይነት ከሚሸጥ ሰው ይልቅ ሃያ ዓመት አንድ ሾርባ ብቻ የሠራችን ሴት አምናለሁ። ጥሬው ሥጋ በረዶ ላይ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ? ገንዘብ የሚቀበለው እጅ ምግቡን ይነካል? ሳህኑ በምን ውሃ ይታጠባል?

ከሁሉም በላይ ግን እሳቱን እዩ። ምግቡ ዓይናችሁ እያየ ይብሰል፣ እየጨሰ ይሰጣችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ እስኪበላ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ እንዲቆይ ይመክራል። ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት እንዳይቀመጥም ይላል። ያ ምክር የተነገረው ለየትኛውም አገር ነው። ባንኮክ ሙቀት ውስጥ ደግሞ 2 ሰዓትም ብዙ ነው።

ይህን ሕግ አንድ ቀን ጣስኩት። አራተኛው ቀን ቀትር ላይ ወደ ሐኪም ቤት እየተጣደፍን ነበር፤ ልጄም «ራበኝ» አለ። ከጠዋት ጀምሮ ተጠብሶ የተከመረ የዶሮ ስንጥር ገዛሁለት። ሻጩ «ላሙቀው?» ብሎ በምልክት ጠየቀኝ። ጊዜ የለንም ብዬ እንዲሁ ተቀበልኩት። ማታ አራት ጊዜ አስመለሰው። ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ይዤ ተቀመጥኩ። ያቺን ሁለት ደቂቃ ብጠብቅ ኖሮ ምናልባት አይታመምም ነበር።

6. አንድ ሳህን እዘዙ፤ ከቀላሉ ጀምሩ

ለአምስት ሰው አምስት ሳህን አታዝዙ። አንድ ሳህንና አምስት ማንኪያ ጠይቁ። ቦታው ከጠበበ ወይም ሰው ከበዛ ሁለት እዘዙ፤ ወንበር ይዞ ሳይገዙ መቀመጥ ነውር ነው። ሁሉም ሁለት ሁለት ማንኪያ ይቅመስ። ያልተስማማችሁ ነገር ቢኖር እንኳ የተበላው ትንሽ ነው። ልጅ ደግሞ «ሳህንህን ጨርስ» ካልተባለ ለመቅመስ አይፈራም።

እኛ የጀመርነው በ«ጉዋይ ቲያው ጋይ» ነው፤ የዶሮ ኑድል ሾርባ። ከሆቴላችን ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ አንዲት ሴትዮ ትሸጣለች። ኑድሉን በትንሽ የሽቦ ወንፊት አድርጋ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ትነክራለች። ሁለት ሦስት ጊዜ አራግፋ ሳህን ላይ ትገለብጣለች። ቡቃያና ቅጠል ጣል ታደርጋለች። ከዚያ ከትልቁ ድስት የሚንተከተከውን መረቅ ትጨምርበታለች። ከዚህ የሚሻል ጅማሬ አላውቅም። ሁሉም ነገር ፈልቷል፣ አያቃጥልም፣ ልጅ ይወደዋል። መረቁ የአሳማ አለመሆኑን ግን ወረቀቱን አሳይታችሁ አረጋግጡ። እሷ ጋ መጀመሪያ የበላን ቀን እናቴ ሳህኑን በማንኪያ ገልበጥ አድርጋ ያንን ቡናማ ቁራጭ አገኘችው። «ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አለችኝ። ወረቀቱን አሳየሁ። ሴትዮዋ አንብባ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች፤ ሳህኑን ወስዳ ሌላ ሠራችልን። ተጨማሪ አላስከፈለችም።

ጠረጴዛው ላይ አራት ማሰሮ ታያላችሁ፦ ስኳር፣ የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ፣ ቃሪያ የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤና የዓሣ ሶስ። ምግቡ ሳያቃጥል ይመጣል፤ እያንዳንዱ ለራሱ ያጣፍጣል። ከአንድ ድስት አያትም የልጅ ልጅም መብላት የሚችሉት በዚህ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ «ጋይ ያንግ» ነው፤ በከሰል የተጠበሰ ዶሮ። ከተጣባቂ ሩዝ ጋር ይቀርባል። እዚህ ላይ ማንኪያ አያስፈልግም። ሩዙ በእጅ ቆንጠር ተደርጎ፣ ተድቦልቡሎ፣ ማጥቀሻው ውስጥ ተነክሮ ይበላል። እናቴ ይህን ስታይ ፊቷ በራ። እጇን ታጥባ መጣች። ሩዙን በሦስት ጣቷ አድቦልቡላ ከዶሮው ጋር አድርጋ መጀመሪያ ትንሿን አጎረሰቻት። ከዚያ እኔን። ከዚያ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ደገመችኝ። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች መብላታቸውን ትተው ያዩን ነበር። ሆድ የገባ ምግብ ብቻ አልነበረም ያን ቀን።

ጣፋጩ ቀላል ነው። ማንጎ በተጣባቂ ሩዝ፣ በኮኮናት ወተት የሚጋገሩ ትናንሽ «ካኖም ክሮክ»፣ ሙዝ የተጠቀለለበት ሮቲ (ስስ ቂጣ)። ኮኮናቱ ይከብዳል፤ ለልጅ ማታ አታብዙ።

7. ቃሪያውን አትናቁት

«እኛ በበርበሬ ያደግን ነን» የሚለውን ባለቤቴም ብሎ ነበር። እሱ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የሚበላ ሰው ነው። ልዩነቱ ይኼ ነው፦ የእኛ በርበሬ ደርቆ፣ ከብዙ ቅመም ጋር ተፈጭቶ፣ ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ረጅም ሰዓት ቁሌት ሆኖ ነው የሚመጣው። የታይ ትንሿ ቃሪያ የሚጥሚጣ ዘመድ ናት። ደግሞም ጥሬዋን፣ እርጥቧን ነው የሚያስገቧት።

ስድስተኛው ቀን «ሶም ታም» ልንቀምስ ሄድን፤ ያልበሰለ አረንጓዴ ፓፓያ ሰላጣ ነው። ገና ከሩቁ ሙቀጫው ይሰማል። ረጅም የሸክላ ሙቀጫ፣ የእንጨት ዘነዘና። ሻጯ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ትወቅጣለች። ሎሚ፣ የዘንባባ ስኳር፣ የዓሣ ሶስ፣ ቲማቲም፣ በረጅሙ የተከተፈ ፓፓያ ትጨምራለች። በአንድ እጇ እየወቀጠች በሌላው በማንኪያ ትገለብጣለች። ቃሪያ ከማስገባቷ በፊት ጣቷን አንስታ «ስንት?» ትላለች። ባለቤቴ አምስት ጣት አሳየ። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ዝም አለ። ሦስተኛው ላይ እንባው ወረደ። ውሃ ጠጣ፤ ባሰበት። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟምና ውሃ አፍ ውስጥ ያሰራጨዋል። የሚረዳው ሩዝ፣ ስኳር ወይም ወተት ነው። እናንተ በአንድ ቃሪያ ጀምሩ። ለልጆች «ማይ ፔት»።

ሶም ታም ጥሬ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አትሞክሩት። ጥሬ ሸርጣን የሚወቀጥበት ዓይነትም አለ። ጥሬ ሸርጣን የሳንባ ጥገኛ ትል ሊያስይዝ ይችላልና ማንም ቢጋብዛችሁ አትቅመሱ። «ሶም ታም ታይ» የሚባለውን ጠይቁ፤ ደረቁን ሽሪምፕ እንድታስቀርላችሁም ወረቀቱን አሳዩ።

8. ውሃና በረዶ

የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፤ የታሸገ ግዙ። በረዶውን እዩት። መሃሉ ቀዳዳ ያለው፣ እንደ ቱቦ የሆነው በፋብሪካ የተሠራ ነው፤ እኛ ጠጥተነዋል። ከትልቅ ግግር እየተፈለጠ የሚመጣውን ግን ተዉት። ፍራፍሬ ስትገዙ ፊታችሁ ይላጥላችሁ።

9. የጾም ቀን ቢጫ ባንዲራ ፈልጉ

እናቴ «ረቡዕና ዓርብ ምን ልበላ ነው?» ብላ ከአዲስ አበባ ሽሮ ይዛ ነበር የሄደችው። ሽሮው አልተነካም።

ታይላንድ ውስጥ «ጄ» የሚባል ምግብ አለ። ከቻይናውያን የመጣ ሃይማኖታዊ ልማድ ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም። ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ምልክቱ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ፊደል ነው፤ ለእኛ ዓይን 17 ቁጥር ይመስላል። ልጄ ይህን ሲሰማ 17 ፈላጊ እሱ ሆነ። በየመንገዱ እየሮጠ «እማማ፣ አገኘሁልሽ!» ይላታል። በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ የጄ በዓል አለ፤ ያኔ ከተማው በቢጫ ባንዲራ ይሞላል።

«ማንግሳዊራት» ከሚባለው ጋር አታምታቱት። እሱ ሥጋ የለውም እንጂ እንቁላልና ወተት ሊኖረው ይችላል። «አትክልት ብቻ» ብላችሁ ብታዝዙም የዓሣ ሶስ ይገባል፤ ለእነሱ እንደ ጨው ነውና። «ጊን ጄ» በሉ። ይገባቸዋል።

10. ያዋራት በማታ

የቻይናዎች ሰፈር፣ ያዋራት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ነፍስ የሚዘራው። በ2019 በተከፈተው ዋት ማንግኮን የምድር ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። ሰኞ አትሂዱ፤ ብዙዎቹ ሻጮች አይወጡም። ገና ሲጀማመር ድረሱ፤ ከመሸ ልጅ ይዞ ማለፍ ያስቸግራል። መኪናው ከበርጩማው አጠገብ ነው የሚያልፈው። ልጆቹ በግድግዳው በኩል ይቀመጡ። ብንጠፋፋ አንድ የወርቅ ቤት በር ላይ እንድንገናኝ ከመግባታችን በፊት ተስማማን።

ሰዎች ጄይ ፋይን ይነግሯችኋል። ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው የሚሽለን መመሪያ፣ የባንኮክ የመጀመሪያው፣ የ2018ቱ፣ ኮከብ የሰጣት የጎዳና ወጥ ሠሪ ናት፤ የምትታወቀውም በሸርጣን ኦምሌት ነው። ሥራዋን አከብራለሁ። ከትንሽ ልጅ ጋር ግን ለሰዓታት መሰለፍ አልመክርም።

11. ልጅ ቢታመም

የተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን ለትንሽ ልጅ አትስጡ። ኦአርኤስ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ በንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ስጡ። ከዚያ በላይ ላለ የፈለገውን ያህል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። የእኔ ልጅ በዚህ በአንድ ቀን ተኩል ተነሣ።

ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘ ግን ቤት አትጠብቁ። የአምቡላንስ ቁጥር 1669 ነው። የቱሪስት ፖሊስ 1155 ነው።

12. በመጨረሻው ማታ አዲስ ነገር አትሞክሩ

ከበረራው በፊት ባለው አንድ ቀን ያልቀመሳችሁትን አትቅመሱ። አውሮፕላን ውስጥ ሆድ የታመመ ልጅ ይዞ መቀመጥ ለማንም አይመኙትም። ወደ ለመዳችሁት ጋሪ ተመለሱ።

እኛ ወደ ሾርባዋ ሴትዮ ሄድን። እናቴ ገና በርጩማው ላይ ሳትቀመጥ ሴትዮዋ አየቻት። ወረቀት አላወጣንም። ከድስቱ ስትቀዳ ያንን ቡናማ ቁራጭ በጭልፋዋ ጫፍ ወደ ዳር ገፋ አደረገችው። አንድ ሳህን አስቀመጠች፣ ከጎኑ አምስት ማንኪያ።